105 ዋት ይተርፋል

ጥር ደብረ ብርሃን ላይ የሠርግ ወር ነው። ለእኛ የኮምፒውተር ሱቅ ደግሞ የሬንደር ወር፤ ኮምፒውተሩ የተቀናበረውን ቪዲዮ ጨርሶ የሚያወጣበት። ገና መልሱ ሳይበላ "ቪዲዮው የት ደረሰ?" ይባላል። ኤዲተሩ ሲጨንቀው ኮምፒውተሩን ተሸክሞ እኛ ጋ ይመጣል።

ጠባሴ በኩል ስቱዲዮ ያላቸው ጋሼም እንዲሁ መጡ። በአንድ እጃቸው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020፣ ትልቁን ኬዝ አቅፈዋል። በሌላው ፌስታል አንጠልጥለዋል። ፌስታሉ ውስጥ አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ አለ፤ ባለ 8 ጊጋ፣ ያገለገለ። አዲስ አበባ ያለው የእህታቸው ልጅ ገዝቶ በሚኒባስ የላከላቸው ነው።

"ግጠምልኝ። ሰኞ ማስረከብ አለብኝ።"

ፌስታሉን ስፈታ መጀመሪያ ያየሁት የካርዱን ጫፍ ነው። ባለ 8 ፒን መሰኪያ አለው። ኬዙን ከፈትኩ። ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ላይ የተለጠፈው 290 ዋት ይላል። ለዚያ መሰኪያ የሚሆን ገመድ ከነጭራሹ የለም። የቢሮ ኮምፒውተር ነው እንግዲህ፤ ሲሠራ ኤክሴል እንጂ ሠርግ ይመጣበታል ያለ ሰው የለም።

"ጋሼ፣ ይሄ ካርድ እዚህ ላይ አይሆንም።"

"አይገባም?"

"መግባቱንስ ይገባል። የሚበላው ነው የሌለው።"

ስልካቸውን አወጡ። ያኔ ነገሩ እንደተበላሸ ገባኝ። ቤተሰቡ ውስጥ ባለሙያ ያለው ደንበኛ ሱቅ የሚመጣው ካቻቪቴ ፈልጎ ነው እንጂ ምክር ፈልጎ አይደለም። ልጁን ስፒከር ላይ አደረጉት።

"ብሮ፣ ፓወር ሰፕላዩ ስንት ዋት ነው?"

"290።"

"ካርዱ 185 ነው። 105 ይተርፋል።"

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። "ይኸው!" የሚል አስተያየት ነበር።

"ፕሮሰሰሩስ?" አልኩ። "ኮር አይ ሰቨን 4790 ነው። ብቻውን 84 ዋት ነው።"

"እሺ፣ 21 ይተርፋል።"

"በ21 ዋት ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ፋኑ፣ ዩኤስቢው..."

"ይተርፋል እኮ አልኩህ ብሮ። ደግሞ እናንተ ጋ ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ማለት ፍሪጅ ውስጥ ማለት ነው፤ ኩሊንጉ በነፃ!"

ጋሼ ሳቁ። እኔም ለወጉ ያህል ሳቅሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካም አላት፤ ብርዱን የሚነግረን አንፈልግም። ግን ብርድ ዋት አይጨምርም። ጭራሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ፋኑ እንደ ቆላው ሙቀቱን ጠርጎ አያወጣም። ይህን ያኔ አላልኩትም። እኔ መቼም ጥሩ መልስ የሚመጣልኝ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ነው።

"ገመዱስ? 8 ፒን የለውም" አልኩት።

"ሳታ አዳፕተር አድርግለት።"

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ለሃርድ ዲስክ የሚሄደውን መስመር ወደ ካርዱ አዙር ማለቱ ነው። የዲስኩ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው። ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ዴል ላይ ደግሞ የዲስኩ ሽቦ የሚወጣው ከፓወር ሰፕላዩ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ነው። ስለዚህ ካርዱ ሬንደር ላይ ሲርበው የሚስበው በማዘርቦርዱ በኩል ነው። መሳቢያዬ ውስጥ ቀልጦ የተጣበቀ አንድ አዳፕተር አለ። አውጥቼ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ፕላስቲኩ አንድ ጎኑ ጠቁሮ ተጨማዷል፤ ቢጫው ሽቦ ላዩ ተልጦ መዳቡ ይታያል። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉትና ፊታቸውን አዞሩ።

"በቃ ፓወር ሰፕላዩን ቀይረው" አለ ልጁ። እሱ ጋ ሽታው አልደረሰም።

ለዚህኛው አፌን አልከፈትኩም። ከመደርደሪያ ተራ ፓወር ሰፕላይ አወረድኩና ባለ 24 ፒን ጫፉን ከዴሉ ማዘርቦርድ አጠገብ ያዝኩት። የዴሉ ዋና መሰኪያ 8 ፒን ብቻ ነው። ጋሼ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። "ይሄማ አይመሳሰልም" አሉ። መቀየሪያ ገመድ አለው፤ ግን እኛ ጋ አልነበረም። ሰኞ ደግሞ ሰኞ ነው።

ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነበረኝ። 75 ዋት ነው፤ ያንን ደግሞ ከሚሰካበት ቦታ ያገኛል። ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም።

"ይሄን ልግጠምልዎ።"

"ስንት ጊጋ ነው?"

"4።"

"8ቱን ትቼ 4?"

ካርቶኑን ተቀበሉኝና መነጽራቸውን አደረጉ። አገላበጡት። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"እዚህ ጋ 300 ዋት ይላል።"

ይላል። አምራቹ የሚመክረው 300 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው።

"የኔ 290 ነው አላልክም?"

"10 ዋት ምንም አይደለም ጋሼ። እሱ ለጥንቃቄ የሚጻፍ ነው። 84 እና 75፣ 159። ሌላው ሁሉ ቢጨመር 290 አይሞላም።"

መነጽራቸውን አወለቁ።

"ታዲያ የእህቴ ልጅ ሲደምር ስህተት፣ አንተ ስትደምር ሒሳብ ነው?"

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ልጁ ሲንከተከት ይሰማኛል።

መልስ አላጣሁም። ለእሱ ካርድ የሚመከረው 500 ዋት ነው፤ የሱ ጉድለት 210፣ የኔ 10። ተናገርኩትም። ግን አንዴ ከተሳቀ በኋላ ቁጥር ማን ይሰማል? እስካሁን የሚከነክነኝም ይሄው ነው።

ለማንኛውም ገጠምኩት። ሞኒተራቸው ባለ ቪጂኤ አሮጌ ስለሆነ፣ ካርዱ ደግሞ ቪጂኤ ስለሌለው፣ ከኤችዲኤምአይ የሚቀይር ጨመርኩበት። ራሙን ከ8 ወደ 16 አሳደግኩ። የሚንቀራፈፈውን ሃርድ ዲስክ ለፋይል ማስቀመጫ ትቼ ሲስተሙን ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ላይ ጫንኩት። ካርዱ ረድቷል፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን ነፍስ የዘራበት ይሄኛው ነው።

ሰኞ ሠርጉን አስረከቡ። አርኤክስ 580ው በመጣበት ሚኒባስ ተመለሰ። ልጁ "እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት 1050ውን ነበር" አላቸው አሉ። ጋሼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ያቺ ካርድ አንደኛ ናት" ይሉኛል። ኤስኤስዲውን እስከ ዛሬ ያነሳልኝ የለም።

ክረምት ላይ ከሸኖ አንድ ሰው ኤችፒ ይዞ መጣ። ካርድ ግን አልገዛም።

"መጀመሪያ ኬዙን አስከፍተህ ዋቱንና የገመዱን ጫፍ አሳይ፣ ካርድ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው ተብዬ ነው" አለኝ።

"ማን አለህ?"

"አዲስ አበባ ያለ ልጅ ነው። በብራንድ ኮምፒውተር እሱን የሚያህል የለም አሉ። እዚህ አጎቱ ስቱዲዮ አላቸው።"

"ጎበዝ ልጅ ነው" አልኩት። ለማስከፈቻ ሙሉውን ሒሳብ ተቀበልኩ።