ሕዋሱና ፕላዝማው ሲመሰክሩ፦ በደም ዓይነት ምርመራ ስድስተኛ ሳምንቴ

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በተግባር ልምምድ ላይ ላላችሁ የላብራቶሪ ተማሪዎች ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በስላይድ አለፉ። ሰማያዊው አንቲ ኤ፣ ቢጫው አንቲ ቢ፣ ቀለም የሌለው አንቲ ዲ፤ እነዚህ ሪኤጀንቶች (መመርመሪያ ፈሳሾች) እንደየስማቸው ኤ፣ ቢ ወይም ዲ ያለበትን ቀይ ሕዋስ ያጓጉላሉ። ከእያንዳንዳቸው ጠብታ አድርጎ ከደም ጋር መቀላቀልና ስላይዱን ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን የኦ ናሙና ኤ ብዬ መዘገብኩ። የጠብታው ጠርዝ ደርቆ ፍርፍር ሲል የጓጎለ መስሎኝ ነው። ኃላፊያችን ውጤቱ ሳይወጣ በቱቦ ስለደገሙት በታካሚው ላይ የደረሰ ነገር የለም፤ እኔ ግን ያን ቀን ምሳ ከጉሮሮዬ አልወረደም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ደቂቃ ያለፈውን ስላይድ አላነበውም፤ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ።

በቱቦ ሲሠራ ሕዋሱ ከ2 እስከ 5 በመቶ እንዲሆን በኖርማል ሴላይን (በጨው ውኃ) ተበጥብጦ ከሪኤጀንቱ ጋር በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል። ከሥር የረጋው ቀይ ክምችት ሲነቀነቅ ሳይበተን አንድ ሆኖ ከተነሣና ዙሪያው ጥርት ካለ አራት ፕላስ፣ ማለትም ከሁሉ የበረታው ጉጉል ነው። እንደ ጭስ ተኖ ፈሳሹን ካቀላው ኔጌቲቭ ነው። የሚያስቸግረው በመካከል ያለው ነው። እኔ አጥብቄ እየነቀነቅሁ ደካማውን ጉጉል ራሴ እበትነው ነበር። እጄን ለማስታገሥ አንድ ሳምንት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ሪቨርስ ግሩፒንግ ነው። ፊት ለፊት ስንሠራ የሰውየውን ሕዋስ በታወቀ አንቲ ኤና አንቲ ቢ እንጠይቃለን፤ በሪቨርስ ደግሞ ፕላዝማውን በታወቁ የኤና የቢ ሕዋሳት። ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 ቪየና ውስጥ ያሳተመው ሥራ መሠረቱ ይኸው ነበር። የራሱንና የባልደረቦቹን ሴረም ከሕዋሳቸው ጋር እያፈራረቀ አደባለቀ። ጠርሙስ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚገዛ አንቲ ኤ አልነበረውም፤ ሪኤጀንቱ ሰዎቹ ነበሩ። ስለዚህ ሪቨርስን ለሥርዓት ያህል ብቻ የሚሠራ ሰው ሲገጥመኝ ይከፋኛል። አራስ ሕፃናት ላይ አለመሠራቱ የራሱ ምክንያት አለው፤ ፀረ እንግዳ አካላቸውን ገና አላመረቱም።

በአምስተኛው ሳምንት ሁለቱ ምስክሮች ተጣሉብኝ። የአንድ ታካሚ የታጠበ ሕዋስ በአንቲ ኤ አራት ፕላስ ሰጠ፣ በአንቲ ቢ ምንም። ኤ ነው ማለት ነው። የኤ ሰው ፕላዝማ የቢን ሕዋስ ብቻ ማጓጎል ሲገባው ይህኛው የኤንም በጥቂቱ ያጓጉላል። ደነገጥኩ። ስያሜ ተለዋውጦ እንደሆነ አየሁ፤ አልተለዋወጠም። በማይክሮስኮፕ ሳየው ሕዋሳቱ እንደ እውነተኛ ጉጉል አልተዘበራረቁም፤ በሞሶብ ላይ እንደ ተነባበረ እንጀራ ተደርድረዋል። ሩሎ ነበር፤ በፕላዝማው ውስጥ ፕሮቲን ሲበዛ የሚመጣ። ቱቦዎቹን ዳግም አሽከረከርኩ፣ ፕላዝማውን በፒፔት አወጣሁ፣ በልኩ ኖርማል ሴላይን ተካሁ፣ አሽከርክሬ አነበብኩ። የኤው ተበተነ፤ የቢው ግን ጸንቶ ቀረ። ታካሚው ኤ ነው።

አሁን የምታገለው ከደካማ ዲ፣ ማለትም በተለመደው ምርመራ ወዲያው ከማይታይ ዲ ጋር ነው። በአንቲ ዲ ወዲያው ያልጓጎለውን ናሙና ለዚሁ በሚሆን አንቲ ዲ 37 ዲግሪ ላይ አቆይቼ፣ ሦስት ጊዜ በሴላይን አጥቤ፣ ሕዋሱ ላይ የተጣበቀ ፀረ እንግዳ አካል ካለ አያይዞ የሚያጓጉለውን አንቲ ሂዩማን ግሎቡሊን እጨምራለሁ። ካልጓጎለ በፀረ እንግዳ አካል የተሸፈኑ የኩምብስ መቆጣጠሪያ ሕዋሳት ይታከሉበታል፤ እነሱ የግድ መጓጎል አለባቸው። ትናንት አልጓጎሉም። እጥበቱን አጣድፌዋለሁ፤ የቀረው ፕሮቲን ግሎቡሊኑን በልቶታል፤ ኔጌቲቭ ያልኩት ውጤት ዋጋ የለውም ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ ከየእጥበቱ በኋላ ሴላይኑን እስከ ጠብታው ደፋሁ። መቆጣጠሪያው ጓጎለ። ዲ ኔጌቲቭ ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።