የእንጦጦ ዳገትና የራዲያተር ውሃ

ዛሬ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ስወጣ፣ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ በእንፋሎት የተከበበ አንድ የኮሮላ ባለቤት አስቆመኝ። የጠየቀኝ ውሃ ነበር። የራዲያተሩ ቱቦ መቀደዱን ካወቀ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው የነገረኝ ያለ አንዳች ኀፍረት ነው። ትኩሱን ክዳን ሊከፍት ሲል እጁን ያዝኩት፤ በግፊት ታፍኖ የቆየ የፈላ ውሃ ፊት ይልጣልና እስኪበርድ ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ብዙዎቻችን ራዲያተር የምንሞላው የቧንቧ ውሃ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነው በዚያ ተራራ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ግፊቱን የሚይዘው ክዳን ካረጀ ወይም ቱቦው ከተቀደደ ሞተሩ ቶሎ ይግላል፤ ኩላንት የሚባለው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ግን የመፍያውን ሙቀት ከፍ ከማድረጉም በላይ ዝገትን ይከላከላል።

መንገድ ላይ መረዳዳት ነውር አይደለም፤ እኔም ባለፈው ክረምት ባትሪዬ ሞቶ የሰፈር ልጆች ገፍተውልኛል። ያስከፋኝ፣ ለአዲስ የወንበር ልብስ ገንዘብ ያወጣ ሰው ቱቦውን «ይደርሳል» ብሎ ማቆየቱ ነው። ለመሆኑ ክሪክ ይዘሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «ሰው አይጠፋም» አለኝ።