በፍልሰታ የተሳልኩት ስለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ስለት አለብኝና ዘንድሮም እመሰክራለሁ።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ኦቾሎኒና ሰሊጥ አይስማማውም። "አይስማማውም" ስል ሰው ሁሉ የሆድ ቁርጠት ይመስለዋል። ገና በዓመቱ በጣቴ ጫፍ ያቀመስኩት የኦቾሎኒ ቅቤ ፊቱን በሽፍታ ሞልቶ ዓይኖቹን አሳብጦ ከደናቸው። ሐኪሟ መርምራ አለርጂ ነው አለችኝና አለርጂው ሲበረታ ጭን ላይ የሚወጋ ሁለት የአድሬናሊን መርፌ አዘዘችልኝ፤ ከ15 እስከ 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የተዘጋጀውን፣ ኢፒፔን የሚባለውን መርፌ ደግሞ ክብደቱ ሲደርስ ሰጠችኝ። አባቱ የሁመራ ሰው ነው። የሰሊጥ አገር ሰው ልጅ ሰሊጥ አልችል ሲል አያቱ በስልክ "ዓይን ነው፣ ጠበል ውሰጂው" አሉኝ፤ ወሰድኩት። ሌላው "ትንሽ ትንሽ እያልሽ አስለምጂው" ይለኛል። በሐኪም ክትትል የሚሰጥ እንዲህ ያለ ሕክምና መኖሩን ኋላ ተረድቻለሁ፤ እኛ ቤት ግን በማንኪያ የሚሞከር ነገር አልነበረም።

የእኔ ኃጢአት ይሉኝታ ነበር። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ቆሎ ሲዞር "ልጄ አይበላም" ማለት የሰውን እጅ መናቅ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ዓይኔን ከልጁ አለመንቀል ብቻ ነበር ዘዴዬ። ዓይን ደግሞ ይደክማል።

ነሐሴ 2011 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ። ልጄ አራት ዓመቱ ነበር። ቆርቦ፣ ጠበል ጠጥቶ፣ እንደ ትልቅ ሰው አፉን በነጠላ ሸፍኖ ከአዳራሹ ግድግዳ ሥር ተቀመጠ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሽሮ እያማሰልኩ ነው። አንዲት እናት፣ እማማ እላቸዋለሁ፣ "ይህ ሕፃን ጾሙን ውሎ" ብለው ከዘንቢላቸው ቆሎ በእፍኙ ሰጡት። የገብስ ቆሎ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን ኦቾሎኒ ነበረበት።

ሲያስለው ሰማሁ። መጀመሪያ ጉንፋን መሰለኝ። ነጠላውን ከፊቱ ሳነሣው ከንፈሩ አብጦ ተገልብጧል፤ አንገቱን በሁለት እጁ ያክካል፤ ድምፁም ጎርንኗል። ለካ ያቺ ነጠላ እብጠቱን ሸፍናብኝ ኖሯል። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ ያገኘው የሽፍታውን ሽሮፕ ነበር። ሽሮፕ ማሳከክ ያስታግሥ እንደሆነ እንጂ የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ይህን አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን ከአእምሮዬ ጠፋ። "እመቤቴ ሆይ፣ ልጅሽን ለምኚልኝ! ይህን ልጅ ከተውሽልኝ በየዓመቱ በፍልሰታ ቆሜ እመሰክራለሁ" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ የሰማው ብዙ ነው።

አንዲት ነርስ እህታችን ሰው እየገፋች መጣች። በዚያ ቀን ሥራ ነበረባት፤ ጠዋት ደውለው "ዛሬ አትምጪ" ብለዋት ነው ቅዳሴ የመጣችው። "መርፌው የታለ?" አለችኝ። ከቦርሳዬ ሥር አገኘሁት። ልትወጋው ስትል ከኋላ አንድ ሰው "ቆርቧል እኮ! ደም ይፈስሳል፣ መርፌ አይወጋም!" አለ። ሁላችንም ቆምን። እውነቱን ለመናገር እኔም ቆምኩ። ቄሱ ከበሩ ላይ ሆነው "ነፍስ ነው! ውጓት አትበሉኝ፣ ውጉት!" ብለው ጮኹ። አፋቸው ተደነቃቅፎ እንደዚያ ነው ያሉት፤ ዛሬ ትዝ ሲለን እንስቃለን።

ሰማያዊውን ክዳን ነቀለችው፣ ብርቱካናማውን ጫፍ በሱሪው ላይ ከጭኑ ጎን አስደግፋ ጫነችው። ቀጭ አለ። ሦስት ቆጠረች። ከዚያ በኋላ ያለፉትን ደቂቃዎች እኔ አልቆጠርኳቸውም፤ አምቡላንሱ ሲደርስ ግን ልጄ ውኃ ጠይቋል፣ ቀለሙም ተመልሷል። ሁሉም እልል አለ። እኔም "እንግዲህ ድኗል፣ ወደ ቤት ልውሰደው" አልኩ። ነርሷ ክንዴን ያዘችኝ። "ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ሆስፒታል ሳይቆይ የትም አይሄድም።"

ተመልሶ መጣ። ሆስፒታል ከገባን ከሦስት ሰዓት በኋላ ያለ አንዳች ቆሎ፣ አልጋው ላይ እንደ ተኛ፣ ያ ሳል እንደገና ጀመረው። ያንኑ መድኃኒት ለሁለተኛ ጊዜ እዚያው ሰጡት። ቤቴ ወስጄው ቢሆን ኖሮ ያን ሰዓት እንቅልፍ ወስዶታል ብዬ በሩን እዘጋበት ነበር። ለእኔ ተአምሩ ይህ ነው፤ የተሰረዘው የሥራ ቀን፣ የቄሱ ጩኸት፣ ክንዴን የያዘችኝ እጅ። "ታዲያ ለምን ፈጽሞ አልተፈወሰም?" የሚሉኝ አሉ። አልተፈወሰም፤ ዛሬም ኦቾሎኒ አይነካም። የለመንኩት ሕይወቱን ነው፣ ተሰጠኝ።

ስለቴን በማግሥቱ ዓመት መክፈል ጀመርኩ። መጀመሪያ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ምልክቶቹን፣ ሽፍታውን፣ የድምፅ መጎርነኑን፣ ማስመለሱን፣ የትንፋሹን ማጠር፣ ለእናቶች አስረዳሁ። ጊዜው ባለፈበት መርፌ ብርቱካን እየወጋን ተለማመድን። አሁን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የልጄ ሁለት መርፌዎች ይቀመጣሉ፤ ኦቾሎኒ ያለበት ቆሎም ሕፃናት ካሉበት አይዞርም። ሰሊጥ ግን አሁንም ያደክመኛል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሰሊጥን ዘጠነኛው ዋና አለርጂ አምጪ ምግብ አድርጎ፣ ከጥር 2023 ጀምሮ በማሸጊያው ላይ በግልጽ እንዲጻፍ አዘዘ። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች ማሽናቸውን ከሰሊጥ ከማጽዳት ይልቅ ሆን ብለው ሰሊጥ ጨምረው "ሰሊጥ አለው" ብለው መጻፍ ያዙ። ሕጉን ያስወጡ እናቶች ምን ብለው ይሆን?

እማማ ለወራት ፊቴን ማየት አፍረው ነበር። እኔ ነኝ ሄጄ እግራቸው ላይ የወደቅሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ዝምታ ነበርና። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ "ኦቾሎኒ" እና "ሰሊጥ" የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት በትልልቁ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ወረቀቱን ከመስቀላቸው ጋር በአንድ ከረጢት ይዘውታል። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ብስኩት ይዣለሁ። አንዷን ፊደል በፊደል አስተያየኋት፣ የለችም። ሁለተኛይቱን እያየሁ ነው፣ ስልኩን እንዳትዘጊው።"