«ሴት!» እየተባልኩ የከረምኩበት ክረምት

ድራም ኮር ገባሁ ስል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ «ወታደር ልትሆኚ ነው?» የሚል ነው። አባዬም ይሄንኑ ጠየቀኝ። አይደለም፤ ዘሩ ግን ከዚያ ይመዘዛል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ አሜሪካውያን ባቋቋሟቸው የዘማቾች ማኅበራት ውስጥ ከበሮና ጡሩንባ ይዞ ሰልፍ መውጣት ተለመደ። ኋላ ለልጆች ተረፈ። ድራም ኮር ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት በ1971 ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ዋይትዋተር በምትባል ከተማ ተካሄደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) አሁን ወጣቶች ሰመሩን ሙሉ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ በአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሱ ሙዚቃ የሚጫወቱበት ውድድር ነው። 22 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ በቃ፣ ዕድሜ ያስወጣቸዋል። እኛ ጋ ፍሉትና ክላሪኔት የለም። ናስ፣ ከበሮ፣ ባንዲራ እያሽከረከሩ የሚጨፍሩ ልጆች፣ አለቀ።

አባዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «እና ነጋሪትና መለከት ነው በይኛ» አለ። ልክ ነው። የሕግ ጋዜጣችን እንኳ ስሙን ያገኘው አዋጅ ሲነገር ከሚጎሰመው ከበሮ አይደል? ከዚያ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ስላስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ስለ «አርባ ልጆች» የናስ ባንድ ይተርክልኝ ጀመር። እኔ የፈለግኩት ፊርማውን ነበር። ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ክፍያ ስለነበረበት ፊርማው ቶሎ አልመጣም። ቅዳሜና እሁድ ሬስቶራንት ሠርቼ ግማሹን ከፈልኩ፤ የቀረውን አክስቴ ሞላችልኝ።

ኅዳር፦ እጄን መቀየር

ሃይስኩል የምጫወተው ፍሬንች ሆርን የሚባል የተጠቀለለ የናስ ጡሩንባ ነበር። ድራም ኮር ላይ ፍሬንች ሆርን ብዙም አይወጣም። ደወሉ፣ ድምፅ የሚወጣበት ሰፊው አፉ፣ ወደ ኋላ ስለሚያይ ሜዳ ላይ ድምፁን የሚሰማው ተመልካቹ ሳይሆን አጥሩ ነው። በእሱ ቦታ ሜሎፎን አለ። ወፈር ያለ ትራምፔት ይመስላል፤ ደወሉ ፊት ለፊት ያያል።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ፍሬንች ሆርን ቁልፉ የሚጫነው በግራ እጅ ነው፤ ቀኝ እጅ ደወሉ ውስጥ ይገባል። ሜሎፎን ደግሞ በቀኝ እጅ ነው። የጣት አጣጣሉም የትራምፔት እንጂ የለመድኩት አይደለም። ግራ እጄ በአምስት ዓመት የተማረውን ቀኝ እጄ በሦስት ሳምንት መልመድ ነበረበት። ክፍል ውስጥ፣ ባቡር ውስጥ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና ቅዳሴ ላይ ሳይቀር፣ ቀኝ ጣቶቼ ጭኔ ላይ ስኬል ይወጣሉ ይወርዳሉ። አፓርታማችን ግድግዳው ስስ ነው፤ የምለማመደው የአባዬ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቼ ነበር። በኅዳር ብርድ መስኮቱ በትንፋሼ ነጭ ይሆናል።

ኦዲሽኑ፣ የመግቢያ ፈተናው፣ ላይ ሙዚቃውን አለፍኩ። አረማመዱን ወደቅኩ። ሙሉ በሙሉ አላባረሩኝም፣ «በጥር ተመለሺ» አሉኝ። አሰልጣኙ «ከወገብሽ በላይ ጥሩ ነሽ» ብሎኝ ነበር። መንገዱን ሙሉ እያሰብኩት ሄድኩ።

ከጥር እስከ ሚያዝያ፦ መራመድ ለካ ትምህርት ነው

በየወሩ አንድ ቅዳሜና እሁድ ካምፕ አለ። የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ እንተኛለን፣ ከጠዋት እስከ ማታ እንለማመዳለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፉትቦል ሜዳ በየአምስት ያርዱ መስመር አለው። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በትክክል በስምንት እርምጃ ትደርሳለህ። አንዷ እርምጃ 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ አትረዝምም፣ አታጥርም። ተረከዝ ቀድሞ ያርፋል፣ ጣቶች ወደ ላይ ቀና ይላሉ፣ ከዚያ ውስጥ እግር እንደ ጎማ ይንከባለላል። ይሄ ሁሉ ጣጣ ለውበት ብቻ አይደለም። ሰውነትህ ከነጠረ መሣሪያው ይነጥራል፤ መሣሪያው ከነጠረ ከንፈርህ ላይ ይመታል፤ ድምፁ እንደ በግ ይንቀጠቀጣል። ወደ ኋላ ስትሄድ ደግሞ ተረከዝ ጭራሽ መሬት አይነካም፤ በእግር ጣት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ካምፕ ማግስት ደረጃ የወረድኩት ብረቱን ይዤ፣ ወደ ጎን ዞሬ ነው።

ቤት ስመለስ የአፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። ስልኬ ላይ ምት የሚቆጥር ሜትሮኖም ከፍቼ፣ ባዶ እጄን እንደ መሣሪያ ወደ ላይ ይዤ፣ ስምንት ወደፊት፣ ስምንት ወደ ኋላ። ከሁለተኛ ፎቅ የሚያዩኝ ጎረቤታችን እማዬን ደረጃ ላይ አግኝተው «ልጅቷ ደህና ናት ግን?» አሏት። እማዬም «እኔም እሱን ነው የምጠይቃት» አለቻቸው።

የካቲት ላይ በቪዲዮ ራሴን ቀርጬ አየሁ። ትከሻዬ ከፍ ዝቅ ይላል። መጋቢት ላይ ያው። ሚያዝያ ላይ ግን ጭንቅላቴ በአጥሩ መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አየሁት። ያን ቪዲዮ ለማንም አላሳየሁም፤ ከፋሲካ ዶሮ በላይ ግን አስደስቶኛል። «ገብተሻል» የሚለው ውልም የተላከልኝ በዚያው ወር ነው።

ግንቦትና ሰኔ፦ ሙሉ ቀን ሜዳ

እማዬ እስከ መጨረሻው ቀን አላመነችም ነበር። «ሴት ልጅ ሁለት ወር ተኩል ሲሚንቶ ላይ ተኝታ?» ሲሚንቶ አይደለም እማ፣ የጂም ጣውላ ነው። የአየር ፍራሽ አለ። ሴቶች በአንድ በኩል ነን። አላሳመናትም። ያሳመናት የአልባሳት ዝርዝሩ ላይ «ኮፍያ፣ ብዙ ካልሲ፣ የፀሐይ ቅባት» የሚል ማየቷ ነው። «ቢያንስ የሚያስብላቸው ሰው አለ» አለች። ከዚያ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ኪሎ በሶ ከተተችልኝ።

በሶው ነፍሴን አተረፋት። የምናድርበት ቦታ በገባን በሁለተኛው ሳምንት፣ በፈረንጅ ጁን 5፣ የሐዋርያት ጾም ገባ። የምግብ መኪናችን በቀን አራት ጊዜ ያበላል፤ ከአራቱ ሦስቱ አይብ ወይም ሥጋ አለበት። ለአትክልት ተመጋቢዎች ሌላ ወረፋ ቢኖርም እዚያም አይብ አይጠፋም። የንስሐ አባቴን ደውዬ ጠየቅኳቸው። «የምትችይውን ያህል ጹሚ፣ እንዳትወድቂ» አሉኝ። ስለዚህ የውሃ ኮዳዬ ውስጥ በሶ፣ ስኳርና ውሃ አድርጌ በደንብ አናውጠዋለሁ። የሜሎፎን ልጆች መጀመሪያ «ጭቃ ነው የምትጠጪው?» አሉ። በሳምንቱ ሦስቱ ኮዳቸውን ይዘው መጡ። ሁለት ኪሎው ሰኔ ሳያልቅ አለቀ።

ቀኑ ረጅም ነው። ጠዋት መለጠጥና መራመድ፣ ከዚያ በየመሣሪያው መለየት፣ ከሰዓት ሜዳ ላይ አንድ ላይ፣ ማታ ሁሉንም ደርቦ። እያንዳንዳችን አንገታችን ላይ የምናንጠለጥላት ትንሽ ደብተር አለች። «ከ40 መስመር ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ፣ ከፊተኛው ሃሽ ስድስት ወደ ኋላ» ትላለች (ሃሽ በሜዳው ርዝመት የሚሄድ የተቆራረጠ መስመር ነው)። ይህ አንድ ዶት ነው፣ በዚያች ቅጽበት አንተ የምትቆምባት ነጥብ። የእኔ ደብተር ላይ ከ80 በላይ ነበሩ። አንዱን እንማራለን፣ «ሪሴት!» ይባላል፣ ሮጠን ወደ ነበርንበት እንመለሳለን፣ እንደገና። ሲቃና ቀጣዩ። ተረከዜ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደነደነ። የከንፈሬን አልነግራችሁም።

ለእኔ ከባዱ ግን ጆሮዬን አለማመን ነበር። ባንድ ውስጥ ሁሌ «ተሰማሙ፣ ተደማመጡ» ነው የተባልነው። ሜዳ ላይ ያ ያጠፋሃል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። የሜዳው ርዝመት 91 ሜትር ነው። ከጫፍ ያለ ልጅ የነፋው ሌላው ጫፍ የሚደርሰው ከሩብ ሰከንድ በኋላ ነው። በደቂቃ 180 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንዱ ምት ሲሶ ሰከንድ ነች። እሱን ሰምተህ ከተከተልክ አንድ ምት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ዘግይተሃል። ስለዚህ ዓይንህ ምቱን በሚመራልን በድራም ሜጀሩ እጅ ላይ ነው፤ እግርህ ከእጁ ጋር፣ ጣትህ ከእግርህ ጋር። ከኋላህ ከሚመጣው የከበሮ ድምፅ በቀር ከጎን የሚመጣውን ትተዋለህ። ይሄን በቃል ለመረዳት አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሰውነቴ የተቀበለው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ማታ ትራምፔቶቹ ከእኔ ዘግይተው ሲጫወቱ ሰማሁ፤ ሳልከተላቸው ቀረሁ። አሰልጣኙ ከማማው ላይ በማይክ «ሜሎፎኖች፣ እሱ ነው!» አለ። ትራምፔቶቹ አልዘገዩም ነበር፣ ሩቅ ነበሩ።

ቀዳዳው

ሰኔ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ስሄድ የውሃ ማስወጫ ጠርዝ ላይ ረግጬ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። አልተሰበረም፣ አበጠ። ሁለት ቀን በረዶ አስሬ ዳር ተቀመጥኩ።

ከማማው አጠገብ ሆኜ ሾዋችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት አየሁት። ውስጡ ስትሆን የሚታይህ የፊትህ ልጅ ጀርባና ላብ ነው። ከላይ ግን ትልቅ ክብ ተዘርግቶ፣ ተጠምዝዞ፣ ወደ መሃል ይሰበሰባል። ክቡ ላይ አንድ ጥርስ የወለቀ የሚመስል ቦታ አለ። እኔ ነኝ። ልጆቹ ቀዳዳውን አይሞሉትም፤ መሙላት ክልክል ነው፣ ሁሉም የራሱ ዶት ላይ ይቆማል። ቀዳዳው ከክቡ ጋር አብሮ ይዞራል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስምንት ቆጥሮ ይቆማል። ከእኔ በተሻለ ነበር የሚራመደው። በሦስተኛው ቀን በፋሻ ተጠቅልዬ ገባሁ። ቀኝ ጎረቤቴ ምንም ሳትለኝ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ።

ሐምሌ፦ መንገድ

ጉዞው ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ማታ ሾው፣ ሌሊት አውቶቡስ፣ ሲነጋ ሌላ ከተማ ሌላ ጂም። ልብስ ማጠቢያ ቀን እንደ ዓመት በዓል ነው።

እናቴና ወንድሜ ፔንስልቬንያ ድረስ መጡ። ልምምድ ላይ ነበርን። ድራም ሜጀሩ እጁን አንስቶ «ሴት!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ቀጥ፣ ጸጥ። በእንግሊዝኛ «ተዘጋጁ» ማለት ነው፤ በቀን መቶ ጊዜ እንሰማዋለን። እማዬ ግን «ሴቷን ለይቶ ምን አድርጋው ነው?» አለች። ወንድሜ ሳር ላይ ተንከባለለ። እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ሳህን እንዳነሳ ሲፈልግ «ሴት!» ይለኛል።

እማዬ ዳር ቆማ ማየት አይሆንላትም። የምግብ መኪናውን የሚሠሩት ፈቃደኛ ወላጆች ናቸው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት። ቦርሳዋ ውስጥ በርበሬ ነበራት፣ ምን ይጠየቃል። ጾሙ ገና አልተፈታም ነበርና ለአትክልት ተመጋቢዎች ወረፋ ምስር ወጥ ሠራች። ሥጋ የሚበሉት ወደዚያ ወረፋ እየተሻገሩ የእኔ ድርሻ አለቀ።

ነሐሴ፦ ኢንዲያና

እኛ ኦፕን ክላስ ነን፤ አነስ ካሉት ኮሮች። የኦፕን ክላስ ሻምፒዮና ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ማሪየን ከተማ ነበር። የጀመረው ሰኞ ኦገስት 7፣ 2023 ነው፤ ልክ በእኛ ነሐሴ 1፣ ፍልሰታ በገባበት ቀን። በሶ ግን አልነበረኝም።

ነጥቡ ከ100 ነው። 40ው በተመልካች ላይ ለሚያሳድረው ስሜት፣ 30ው ለዓይን፣ 30ው ለሙዚቃ። 100 ያገኘ የለም፤ ከፍተኛው የብሉ ዴቭልስ 99.65 ነው፣ በ2014። እኛ በስልሳዎቹ ጀምረን በሰባዎቹ ጨረስን። ፍጻሜ አልገባንም። በሁለት ደረጃ ነው ያመለጠን። አውቶቡሱ ውስጥ ማንም አላወራም፣ ከዚያ ከቱባ ልጆች አንዱ ማንኮራፋት ጀመረና ሳቅን።

ሐሙስ ዕለት ከትልልቆቹ ጋር ኢንዲያናፖሊስ ሉካስ ኦይል ስታዲየም ውስጥ አንድ ጊዜ የመጫወት ዕድል ነበረን። ጣሪያ ያለው ስታዲየም ነው። የነፋኸው ኖታ ግድግዳ መትቶ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ይመለሳል። ሰኔ ላይ ቢሆን ጠፍቼ ነበር። የድራም ሜጀሩን እጅ አየሁ፣ እግሬን ሰማሁ። የመጨረሻው ኖታ ላይ አፋችንን ካነሳን በኋላም ስታዲየሙ ውስጥ መጫወታችንን ቀጠልን።

አሁን

ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ ኦርኬስትራው ፍሬንች ሆርን ስለሚፈልግ ተመልሼ ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት መሪው ልምምዱን አቁሞ ትኩር ብሎ አየኝ። ግራ እጄ ቁልፎቹን በትክክል ይጫናል። ደወሉ ውስጥ ያለው ቀኝ እጄም ይጫናል፤ የሌለ ቁልፍ፣ በትክክለኛው ምት።