ለክርስትና የተጠለፈው መስቀል ሲጨማደድ

የሕፃኗ ክርስትና 9 ቀን ቀርቶታል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው፤ ወንድ ቢሆን በ40። ቀኑ የሚቆጠረው ከልደቷ ስለሆነ "አንድ ሳምንት እናራዝመው" የሚባል ነገር የለም። እናትየው ለራሷ የፈትል ቀሚስ፣ ለልጅቷ ደግሞ ከዚያው ሸማ የተቆረጠች ትንሽ ቀሚስ ነበር ያዘዘችን። ሸማው ከሽሮ ሜዳ ተገዝቶ፣ በዘመድ ሻንጣ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ ነው። ቢበላሽ ሄዶ የሚገዛበት ሱቅ እዚህ የለም።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አንዲት ጠባብ የስፌት ቤት ውስጥ ነው። ሦስት ነን። ባለቤቷ እትዬ የምንላቸው አበሻ ናቸው። ሌላዋ ባልደረባዬ አሜሪካዊት ስትሆን ዕድሜዋን በሙሉ ኩዊልት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ኩዊልት ማለት ቁርጥራጭ ጨርቆችን ገጣጥሞ፣ ከስር ሌላ ጨርቅ አንጥፎ፣ መሀሉን በጥጥ ንጣፍ ሞልቶ፣ ሦስቱን አንድ ላይ በእጅ ወይም በመኪና የሚሰፋ ብርድ ልብስ ነው። ጥልፉ የእኔ ድርሻ ነው።

ደንበኛችን የፈለገችው ደረቷ ላይ የላሊበላ መስቀል ነው፤ ወርቃማ ሆኖ ዙሪያው አረንጓዴ። ለልጅቷም ያንኑ፣ ግን ትንሽ። የላሊበላ መስቀል ለጠላፊ ከባድ ነው። ዙሪያው በሙሉ ጌጥ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ደግሞ ከሩቅ ያስታውቃል። በእጅ ልሳለው ብል አልደፍርም።

እናቴ ጥልፍ ስታስተምረኝ ንድፍ የምናስተላልፈው በካርቦን ወረቀት ነበር። ካርቦኑን ጨርቁ ላይ አንጥፎ፣ ንድፉን ከላይ አስቀምጦ፣ በእስክሪብቶ መጫን ነው። ለአቡጀዲ ይሠራል። የእጅ ፈትል ላይ ግን መከራ ነው። ማጉ ለስላሳና ወፍራም ስለሆነ መስመሩ ይቆራረጣል፣ እስክሪብቶው ክሩን ይጎትታል፣ የካርቦኑ ቀለምም ነጩ ላይ ይቀባባል። በካውያ ሙቀት የሚጠፋ እስክሪብቶም ሞክሬያለሁ፤ ፍሪክሽን የሚባለውን። 60 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ይጠፋል። ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ መስመሩ መመለስ ይጀምራል። ሚኒሶታ የሚላክ ቀሚስ በጥር ወር መኪና ውስጥ ቢያድር ምን እንደሚሆን አስቡት። ለነጭ ልብስ አልመርጠውም።

ይህን ጭንቀቴን ያየችው ባልደረባዬ ናት ከራሷ መሳቢያ አንድ ፓኮ ወረቀት አውጥታ የሰጠችኝ። በስሙ ስታቢላይዘር ይባላል፤ እኛ ቤት "የሚሟሟው ወረቀት" እንለዋለን። ሲነኩት ስስ ጨርቅ ይመስላል። ጀርባው ሙጫ አለው፤ ሙጫው ላይ የሚላጥ ሽፋን አለ። መጠኑ እንደ ተራ የአሜሪካ ማተሚያ ወረቀት ነው፣ 21.6 በ28 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ንድፉን ከኮምፒውተር በፕሪንተር ታትሚበታለሽ፣ ሽፋኑን ልጠሽ ጨርቁ ላይ ትለጥፊዋለሽ፣ መስመሩን ተከትለሽ ከነወረቀቱ ትጠልፊያለሽ። ሲያልቅ ውሃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ፤ ወረቀቱ ሟሙቶ ይሄዳል፣ ጥልፉ ይቀራል። በብዛት የሚሠራው ፖሊቪኒል አልኮል ከሚባል ነገር ነው። የልብስ ማጠቢያ ሳሙና የሚታሸግባት፣ ውሃ ሲነካት የምትጠፋው ስስ ከረጢትም ከዚሁ ዘር ናት።

የወደድኩት ወዲያው ነው። ለስላሳው ሸማ ወረቀቱ ሲለጠፍበት ጠንከር ይላል። መርፌው ክር አይጎትትም። የሚተላለፈው ደግሞ ከላይ ስለሆነ ንድፉን መገልበጥ አያስፈልግም፤ እንዳለ ማተም ነው።

4 ሌሊት ጠለፍኩ። የደረቱን ቁራጭ አስቀድሜ ቆርጬ ለይቼዋለሁ፤ ገና ከቀሚሱ ጋር አልተሰፋም። ወርቃማው ክር የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር ነው። ሙጫው መርፌዬ ላይ ሲጠራቀም በአልኮል በነካካሁት ጥጥ እየጠረግሁ ቀጠልኩ። መጨረሻ ላይ መስቀሉን ለእትዬ ሳሳያቸው ዝም ብለው በጣታቸው ዙሪያውን ተከተሉት። "ጎሽ ልጄ" አሉኝ። ከእሳቸው አፍ በዋዛ የሚወጣ ቃል አይደለም።

በማግስቱ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ ነከርኩት።

ውሃው መጀመሪያ ደመና መሰለ። ይህ ያለ ነው፤ ወረቀቱ ሲሟሟ ይደፈርሳል። ቀጥሎ ግራጫ ሆነ። ንድፉን ያተምኩት በጥቁር ቀለም፣ በወፍራም መስመር ነበር፤ ማታ ማታ ስለምሠራ ጎልቶ እንዲታየኝ ብዬ። ያ ሁሉ ጥቁር አሁን ከወረቀቱ ወጥቶ መጠጊያ እየፈለገ ነው። ሳነሳው የመስቀሉ አንዱ ክንድ ስር ጥላ የመሰለ ነገር አየሁ። ልቤ ወደቀ። ግን እሱ ትንሹ ነገር ነበር። ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው ሸማው በጥልፉ ዙሪያ ተጨማዷል። መስቀሉ በመሀል እንደ ድንች ቅርፊት ቆሟል። ሜትር አነሳሁ። 40 ሴንቲ ሜትር አድርጌ የቆረጥኩት ቁራጭ 38 ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ግን አልሞላም።

እትዬ መጡ። ነክተው አዩት።

"ይኼ ሸማ ከዚህ በፊት ውሃ ነክቶት ያውቃል?"

"አያውቅም እትዬ።"

ሌላ ቃል አልጨመሩም። መጨመርም አላስፈለጋቸውም፤ ጥፋቴን አውቄዋለሁ። እናቴ ካርቦን ልትጭን ስትል ጨርቁን አስቀድማ ትዘፈዝፈው ነበር። "ኋላ ካርቦኑን ሳጥበው እንዳይሰበሰብብኝ" ትላለች። ስንት ጊዜ ውሃ አመላልሼላታለሁ። አዲሱ ወረቀት ንጹሕና ቀላል ስለሆነብኝ ከካርቦኑ ጋር አንድ መሆኑ አልታየኝም። እሱም የሚያልቀው ውሃ ውስጥ ነው።

ሸማኔ ድሩን ወጥሮ ነው የሚሠራው። ሸማው ከመሸመኛው ወርዶ፣ ታጥፎ፣ ተሸጦም ያ ውጥረት ክሩ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። የሚላቀቀው ውሃ ሲያገኘው ነው። ያን ጊዜ ጥጡ ይሰበሰባል። የኔ ፖሊስተር ክር ደግሞ አይሰበሰብም፤ ባለበት ርዝመት ይቆማል። ጨርቁ እየጠበበ፣ ጥልፉ እምቢ እያለ፣ መሀል ላይ የተፈጠረው ያ ጭምዳጅ ነው።

ባልደረባዬ ሰምታ መጣች። መጀመሪያ ያለችኝ፣ "እንዳይደርቅ! እንዳይደርቅ ብቻ!" ነው። የፕሪንተር ቀለም ጨርቁ ላይ ከደረቀ፣ በላዩ ላይ ካውያ ካረፈበትማ፣ ማስለቀቁ ይከብዳል። እርጥብ እያለ ግን ተስፋ አለው። ሳፋውን በቀዝቃዛ ውሃ ሞላነው። ሲደፈርስ እንደፋለን፣ እንደገና እንሞላለን። እስከ ማታ 7 ጊዜ ቀየርን። ጥላው ሳስቶ ሳስቶ አንዲት የጥፍር ታህል ቦታ ላይ ብቻ ቀረ።

ስለ ጭምዳጁ ግን የነገረችኝ ነገር ነው እስከ ዛሬ ውስጤ የቀረው። ተሸማቃ ነበር። "ሳልነግርሽ ቀረሁ፣ ምክንያቱም እኛ ኩዊልት ላይ ይህን አንፈራውም" አለችኝ። ከዚያ የራሷን አንድ ብርድ ልብስ ዘረጋችልኝ። በስፌቱ መስመር ሁሉ ትንንሽ ሽብሽብ አለው። ኩዊልት ሲታጠብ መሀሉ ያለው የጥጥ ንጣፍ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ይሰበሰባል። ላዩም አብሮ ይሸበሸባል። እነሱ ያንን ነው የሚወዱት፤ አያት የሠራችው፣ ብዙ የተለበሰ ያስመስለዋል። ሆን ብለው ጨርቁን ሳያጥቡ የሚሰፉ አሉ። ወረቀቱን የለመደችው በዚያ ሥራ ነው። የስፌቱን ንድፍ ታትምበታለች፣ ትለጥፋለች፣ ትሰፋለች፣ ብርድ ልብሱን በሙሉ ታጥበዋለች፤ ሽብሽቡም እንደ ውበት ይቆጠርላታል።

እኛ ጋ ግን የሀበሻ ቀሚስ ደረት ላይ ልሙጥነት ነው ክብሩ። ዕቃውን ተዋስኩ፣ የመጣበትን ቤት አልጠየቅኩም።

ማታውኑ ለደንበኛዋ ደወልኩ። እትዬ "አንቺው ንገሪያት፣ ምንም ሳታስቀሪ" ብለውኛል። ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። የሕፃኗ ድምፅ ይሰማኛል። "እህቴ፣ ለ80ዋ ይደርሳል ወይ?" አለችኝ። "ይደርሳል" አልኩ። 5 ቀን ነበረኝ።

ጥልፉን በሙሉ ፈታሁት። በትንሽ መቀስ፣ ክር በክር፣ ከጀርባው በኩል። 4 ሌሊት የፈጀው በ1 ሌሊት ፈረሰ። ከዚያ ቁራጩን ብቻ ሳይሆን የቀረውን ሸማ በሙሉ፣ የልጅቷንም ጭምር ዘፈዘፍን። አንዱ ተሰብስቦ ሌላው ካልተሰበሰበ ቀሚሱ በመጀመሪያው እጥበት ራሱን በራሱ ይጎትታል። የጥለቱን ቀለም ግን ፈርተን ነበር፤ ጥለት ቀለም ከለቀቀ ነጩ አለቀ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫንኩበት፤ ምንም አልወጣም። ከዚያ በኋላ ነው የነከርነው። በፎጣ ጠቅልለን ውሃውን አስመጠጥን፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በስፒል ዙሪያውን ወጥረን አደረቅነው። የደረቱ ቁራጭ የጎደለውን ስፋት እትዬ ከነጠላው ጫፍ ባወጡት ቀጭን ጥለት በግራና በቀኝ ሞሉት። ከመጀመሪያው የታሰበ ነው የሚመስለው።

መስቀሉን እንደገና የጠለፍኩት በዚያው ወረቀት ነው። ጥፋቱ የወረቀቱ አልነበረም። የዚህን ጊዜ ግን በቀጭን መስመር፣ በፈዛዛ ግራጫ አተምኩት። ማታ እንዲታየኝ መብራቱን አቀረብኩ፤ ቀለሙን ከማወፈር መብራት ማቅረብ ይሻላል። ያችን የቀረች ጥላ የመስቀሉ አረንጓዴ ሐረግ እንዲያልፍባት አደረግሁ። እትዬ የልጅቷን ትንሿን መስቀል ራሳቸው ወሰዱ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሲጠልፉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን ወረቀት ልትሞክሩ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደውን ልንገራችሁ። በቀለም በሚረጭ በኢንክጄት ፕሪንተር ብቻ ነው የማትመው። ሌዘሩ የሚያትመው በዱቄት ፕላስቲክ ነው፤ በሙቀት ያቀልጠዋል፤ ያ ደግሞ ውሃ አያሟሟውም፣ ሙቀቱም ለወረቀቱ ሙጫ ጥሩ አይደለም። ያተምኩትን ጥቂት አቆይቼ ነው የምለጥፈው፣ ቀለሙ እጄ ላይ እንዳይላቀቅ። ከመንከሬ በፊት ከጥልፉ ውጭ ያለውን ትርፍ ወረቀት በመቀስ እቀንሳለሁ፤ የሚሟሟው ሲያንስ ውሃውም ቶሎ ይጠራል። ስዳብሰው ሙልጭልጭ ካለኝ ገና አልወጣም ማለት ነው፤ ሌላ ውሃ። ካውያ የሚነካው ሙሉ በሙሉ ከጠራ በኋላ ነው፤ እሱም በጀርባው፣ ከስሩ ወፍራም ፎጣ ተነጥፎ፣ ጥልፉ እንዳይደፈጠጥ። የተረፈውን ወረቀት የአየር እርጥበት እንዳይነካው በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት አስቀምጣለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ከሸማው ጫፍ ቁራጭ ወስጄ፣ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን በክር እሰፋበታለሁ። እነክረዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ እለካዋለሁ። አንዳንዱ ንቅንቅ አይልም። አንዳንዱ በአንድ ወገን ብቻ 1 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። እትዬም ትዕዛዝ የምንጽፍበት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጨምረዋል፤ "ሸማው ውሃ ነክቷል? አዎ / አይ" ይላል።

ቀሚሱን ያስረከብነው በዋዜማው ማታ ነው። ደንበኛዋ በመስቀል በዓል ሰሞን ጫፉ ትንሽ እንዲያጥርላት ተመልሳ መጣች፤ ልጅቷን አዝላ። ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆመች። ስፒል ልሰካ ጎንበስ ካልኩበት ቀና ብዬ፣ ሳላስበው እጄን መስቀሉ ላይ አሳለፍኩ።

"ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ" አለችኝ።

ልሙጥ ነበር።