ምስጥ የሚያሳጥረው ቤት

የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ በስቱዲዮ፣ ማለትም በንድፍ ትምህርታችን፣ የተሰጠን ርዕስ በአንድ መስመር ያለቀ ነበር። ለአንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት የጋራ መገልገያ ቤት ንደፉ፤ መነሻችሁ ተፈጥሮና ማኅበረሰብ ይሁን። በቃ።

እኔ ከተፈጥሮ ኩይሳን መረጥኩ። ምክንያቴ ቅናት ነው። ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ውስጥ ኢስትጌት ሴንተር የሚባል ሕንፃ አለ። በፈረንጆቹ 1996 ነው የተከፈተው። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ሐሳቡን ያገኘው ከምስጥ ኩይሳ ነው። እንደ ሌሎች ትልልቅ ሕንፃዎች በማቀዝቀዣ ማሽን ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። የሌሊቱን ቅዝቃዜ ግድግዳና ወለሉ ውስጥ አሳድሮ ቀን ይጠቀምበታል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ኩይሳ እንደዚያ አይተነፍስም አሉ። ቢሉም ሕንፃው እየሠራ ነው።

እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ አንድ የተጠማዘዘ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ፣ ጫፉ የሾለ ነገር አወጣሁ። በጣም ያምር ነበር። አሁንም ያምራል፤ አልዋሽም።

ጁሪ ላይ፣ ሥራችን መምህራን ፊት በሚገመገምበት ቀን፣ አንድ ሸበቶ መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ሞዴሉን ዞረው አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ጫፉ ጋ ቢያፈስ ማነው የሚወጣው?»

«ባለሙያ ይጠራል» አልኩ።

«ማን ይጠራዋል? ማንስ ይከፍለዋል?»

ሌላዋ ቀጠሉ። «ማኅበረሰቡስ የታለ?» በደመ ነፍስ ሞዴሉ ላይ የለጠፍኳቸውን የወረቀት ሰዎች ጠቆምኩ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ያን ቀን ማታ አንድ የአርባ ምንጭ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ «ምስጥ ከወደድክ ዶርዜ ሂድ» አለኝ። ዶርዜ ከአርባ ምንጭ በላይ ተራራው ላይ ያለ መንደር ነው። ማሾፉ መስሎኝ ነበር፤ ግን አብረን ሄድን።

ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስተን፣ በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በሶዶ አድርገን ማታ አርባ ምንጭ ገባን። የአውቶቡሱን ነገር እንለፈው፤ ጉልበቴ ያውቀዋል።

በማግስቱ ሲቀላ ከሚባለው የከተማው ሰፈር ሚኒባስ ይዘን ሽቅብ ወጣን። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት። ዶርዜ ከ2,500 በላይ ነው። መኪናዋ በተጠማዘዘች ቁጥር ከታች አባያና ጫሞ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። አባያ እንደ ደፈረሰ ሻይ ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ተራራማ መሬት የእግዜር ድልድይ ይባላል፤ ከላይ ሆነው ሲያዩት ስሙ አይገርምም። ሌሊቱን ላብ ሲያጠምቀኝ ያደርኩት ሰውዬ ጠዋት ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ጃኬት አልያዝኩም። የጓደኛዬ ያጎት ልጅ ጋቢ አዋሰኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያየሁት በጋቢ ተጠቅልዬ ነው።

የዶርዜን ቤት ፎቶ ያላየ የአርክቴክቸር ተማሪ የለም። ከእንሰቱ መሀል የተገተረ ትልቅ ቀፎ ይመስላል። አዲስ ሲሠራ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከአራት ፎቅ አያንስም። ምሰሶ መሀሉ ላይ የለም። ቀርከሃው ተሰንጥቆ ልክ እንደ መሶብ ከታች ወደ ላይ ይጠለፋል፤ ላዩን በቀርከሃ ሽፋንና በእንሰት ቅጠል ይለብሳል። ፊት ለፊት አፍንጫ የመሰለ መግቢያ ወጣ ብሎ አለ። ከሱ በላይ ግራና ቀኝ ጭስ የሚወጣባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ዝሆን ነው፤ ፊቱ፣ ዓይኑ፣ ኩምቢው። ድሮ እዚህ ዝሆን ነበር፣ ቤቱም በሱ አምሳል ነው የተሠራው ይላሉ።

ፎቶው የማይነግርህ ግን ውስጡን ነው። ገብተህ ለአንድ ደቂቃ ምንም አይታይህም። መጀመሪያ የሚመጣልህ ሽታው ነው፤ ጭስ፣ ላም፣ የቆየ ቀርከሃ። ከዚያ እሳቱ መሀል ላይ ይታያል። በግራ በኩል በቀርከሃ አጥር ተከልለው ሁለት ላሞችና አንድ ጥጃ ቆመዋል። ላሞቹ የቤቱ ማሞቂያ ናቸው። ጭሱ ደግሞ ቀርከሃውን እያጠነ ነፍሳት ያባርርለታል። ግድግዳውን በጣቴ ነካሁት፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ቀለም የተቀባ ይመስላል። ማንም አልቀባውም።

የቤቱ አባወራ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛ ይችላሉ፤ ወጣት ሳሉ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠሩ ኖረዋል። (ሽሮ ሜዳ ጥበብ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ሳያውቀው ዶርዜን ያውቃል።) በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ስገባ አይተው ሳቁ።

«ድሮ ቆመህ ነበር የምትገባው» አሉኝ።

«ምን ሆነ ታዲያ?»

«ምስጥ በላው።»

ወደ ውጭ ይዘውኝ ወጡና ከቤቱ ግርጌ ቁጢጥ አሉ። ቀርከሃው መሬት የሚነካበት ቦታ እንደ ብስኩት ፈርሷል። በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት ዱቄት ሆነ። ሲበዛ ጎረቤት ይጠራል፤ የተበላው ከሥሩ ይቆረጣል፤ ቤቱ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና። አንድ ቤት እንዲህ እያጠረ እያጠረ 60፣ 70 ዓመት ይኖራል። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ቤቱ ከነነፍሱ ተነቅሎ፣ አግዳሚ ቀርከሃ ገብቶለት፣ በሰው ትከሻ ይሄዳል።

«አባባ፣ ቤቱ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ከኔ ትንሽ ያንሳል። አብረን ነው ያጠርነው።»

እኔ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምስጥን ሳመልክ ነበር! እዚህ ምስጥ ጠላት ነው፤ ግን የታወቀ ጠላት። እንደሚመጣ ስለሚታወቅ ገና ሲሠራ ቤቱ የሚበላ ቁመት ይጨመርለታል። 12 ሜትሩ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ገሚሱ የምስጥ ድርሻ ነው። ስኬች ቡኬን አውጥቼ ዝሆኑን ለመሣል ሞከርኩና ተውኩት። ግርጌውን ብቻ ሣልኩ። አራት ገጽ ሙሉ የበሰበሰ ቀርከሃ።

ምሳ የቆጮ ቂጣ በማርና በዳጣ በላን። ዳጣው ጋቢውን አስወለቀኝ።

ከዶርዜ ወርደን በሦስተኛው ቀን ወደ ኮንሶ ሄድን። ከአርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ዳር ኩይሳ እንደ ጉድ ነው፤ ዘንድሮ ግን አንዱንም ፎቶ አላነሳሁም።

ኮንሶ ስለ እርከኑ ብዙ ተብሏል። በፈረንጆቹ 2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ የተመዘገበው ቦታ 55 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ400 ዓመት በላይ የተሠራበት ባህል ነው። እኔን የያዘኝ አንድ ገበሬ ነው። ዝናብ የናደውን ካብ ይጠግናል። ሲሚንቶ የለ፣ ገመድ የለ። ድንጋይ ያነሣል፣ ያገላብጣል፣ ይጥላል፣ ሌላ ያነሣል። ልሞክር አልኩት። ያስቀመጥኩት ድንጋይ ሁለቴ ወደቀ። አስጎብኚያችን እየሳቀ ተረጎመልኝ፤ «ፊቱን ሳታይ አስቀመጥከው» ነው የሚለው። ገበሬው ያንኑ ድንጋይ ወስዶ አንድ ጊዜ አዞረና አስቀመጠው። ተቀመጠ።

ከኮንሶ ከተማ፣ ከካራት፣ አጠገብ ያለችው ደካቱ መንደር በድንጋይ ካብ ታጥራለች። የኮንሶ መንደር ሰው ሲበዛበት ከውጭ ሌላ ካብ ይጨመርለታል፤ እንደ ዛፍ ቀለበት። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ከፊት ሰው ከመጣ አንዳችሁ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለባችሁ። ያ ሁሉ ጥበት ሞራው ጋ ሲደርስ ይከፈታል።

ሞራ የመንደሩ የጋራ ቤት ነው። ከታች ወፋፍራም ግንዶች ላይ የቆመ ክፍት ጥላ፣ ከላይ በሣር የተከደነ ዝቅ ያለ ቆጥ። ከታች ሽማግሌዎች ገበጣ ይጫወታሉ፣ ነገር ይዳኛሉ። ከላይ ወጣት ወንዶች ያድራሉ። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። አስጎብኚው ጣሪያዎቹን አሳየኝ፤ ሁሉም ሣር፣ ሁሉም ተጠጋግተው። አንዱ ሌሊት በእሳት ቢያያዝ መንደሩ አለቀ። ስለዚህ ጉልበት ያላቸው ሁሉ አንድ ቦታ ተኝተው ይገኛሉ። አደባባዩ ላይ ረዣዥም የትውልድ እንጨቶች ታስረው ቆመዋል። በየ18 ዓመቱ አንድ ይጨመራል አለን። ቆጠርኩና ሰባተኛው ላይ ጠፋብኝ፤ የቆዩት በስብሰው ሌሎቹ ላይ ተደግፈዋል።

አዲስ አበባ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ስቱዲዮ አይደለም፤ ቤተሰቦቼ የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ነው። እዚያ ሳይት ላይ የጋራ መገልገያ ቤት አለ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የእድሩ ድስትና ብረት ድስት ደግሞ ደረጃ ሥር ተደራርቧል። አዲሱን ስኬች ለእድሩ ገንዘብ ያዥ አሳየሁ። መነጽር አላደረጉም፤ ወረቀቱን ርቀው አዩት።

«ድስቱ የት ነው የሚገባው?»

አሳየኋቸው።

«ድንኳኑስ? ክረምት ላይ ከለቀሶ ርጥቡን ተጠቅልሎ ይመጣና ይሸታል። ማን ቤት ይሰጣ? አንተ ልጅ፣ እሱን ካላሰብክ ምን አሰብክ?»

አላሰብኩም ነበር። ዲዛይኑ ከዚህ ጥያቄ ወጣ። ከታች ክፍት፣ ከላይ ነፋስ የሚያሳልፍ ቆጥ፤ ቆጡ ላይ ድንኳኑ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ድስቱም እዚያው ይቀመጣል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አንድ በአንድ የሚነቀል የቀርከሃ መከለያ ነው፤ የሚበላው ይበላ። የጣሪያው ክፈፍ በርጩማ ላይ ቆሞ በእጅ የሚደረስበት ነው። ኩምቢ የለውም፤ ጫፍ የለውም። ከበፊቱ ጋር ሲተያይ ምስኪን ነው።

የመጨረሻው ጁሪ ላይ ሸበቶው መምህር ያችኑ ጥያቄ ደገሙ። «ማን ያድሰዋል?»

«እድሩ። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከወርሃዊው ስብሰባ ቀጥሎ።»

ጻፍ ጻፍ አደረጉ። ኤ አላገኘሁም። ወደ ቆጡ የሚያወጣው ደረጃ ጭንቅላት ያስመታል ተባልኩ። እውነት ነው፤ ያስመታል።

ሞዴሉን የሠራሁት ከዶርዜ ባመጣሁት ቀርከሃ ነበር። ቤት ወስጄ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ባለፈው ሳምንት አቧራ ላራግፍ ሳነሣው ሥሩ ላይ ነጣ ያለ ዱቄት ተከምሯል። ነቀዝ ገብቶታል። እናቴ አውጥተህ ጣለው አለች። መቁረጫ አምጥቼ ከግርጌው ዙሪያውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩና መልሼ አቆምኩት። በ1፡50 ስኬል ሲሰላ ቤቱ 25 ሴንቲ ሜትር አጠረ።