ስም ያለበት ገጽ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጭጋጉ ይሆናል፣ ወይ እሑድ መሆኑ። ታናሼ ከአዲስ አበባ ደወለች። አንድ ዘመዳችን በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፤ ሻንጣው ላይ ትንሽ ቦታ ሰጥቶናል። «ምን ልላክልሽ?» አለችኝ። በርበሬና ሽሮ እንደምላት ነበር የጠበቀችው። «መጽሐፍ» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና «አንቺ ደግሞ! የሚፈቀድለት 23፣ 23 ኪሎ ነው፤ በሰው ኪሎ ወረቀት ይጫናል እንዴ? ቴሌግራም ላይ ሞልቶልሽ የለ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ሞልቷል። ስልኬ ላይ ያሉት የአማርኛ መጻሕፍት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው መደርደሪያዬ በላይ ናቸው። ልጅ ሆነን በኪራይ እናነባቸው የነበሩት፣ ሽፋናቸው በላስቲክ የተለበጠ፣ ማታ ወስደን በነጋታው ከትምህርት ቤት መልስ የምናስረክባቸው፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ዓይኔ አይቷቸው የማያውቅ ሁሉ እዚያ አሉ። ዳግመኛ ያልታተመ መጽሐፍ ፎቶ አንስቶ ያስቀመጠልኝን የማላውቀውን ሰው ስንቴ መርቄዋለሁ።

እማዬም አለችላችሁ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ዳዊቷን የምትደግመው በታብሌት ነው። በሁለት ጣቷ ፊደሉን ትለጥጠዋለች፤ አንዷ «ሀ» የቡና ሲኒ ታህላለች። የወረቀቱ ዳዊት ትራሷ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት እሱን አውጥታ ትሳለማለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያ ታብሌቱን ትከፍታለች። የትኛው ይሻላል ብላ ተጨንቃ አታውቅም። ለሷ ሁለቱም ሥራ አላቸው።

ግን የሷ ዳዊት ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር በሚያገኙበት መዝገብ ውስጥ፣ ከገባ በኋላ ስልኩም ኮምፒውተሩም ቀስ በቀስ ለመደው፤ ስትለጥጠው ይሰፋል፣ መስመሩም ራሱን ያስተካክላል። የኔ ልቦለዶች ፎቶ ናቸው። ገጹን ሳሰፋው የመስመሩ ጫፍ ከስክሪኑ ይወጣል። ወደ ግራ እስባለሁ፣ ወደ ቀኝ እመልሳለሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ሐሳቡ ያመልጠኛል። ትናንት ማታ የያዝኩት ከገጽ 144 ዘሎ 147 ላይ ገባ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ነበር የተውኳት፤ ልቅሶ ቤት አገኘኋት። ማን እንደሞተ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ፊደሉ ለኮምፒውተር ከተሠራ ይሄን ያህል ዘመን ሆኖት ለምን አሁንም የገጽ ፎቶ እንደምናነብ አይጠፋኝም። አሳታሚው ፋይሉን አንድ ጊዜ ከሸጠ ማታውኑ ቴሌግራም ላይ እንደሚያገኘው ያውቃል። እና አይሸጥም። እና እኛ ፎቶ እናነሳለን።

የዚያው መጽሐፍ ገጽ 113 ጠርዝ ላይ አውራ ጣት አለ። ፎቶውን የሚያነሳው ሰው ጣት ነው። ጥፍሩ አጥሮ ተቆርጧል፣ ቆዳው ላይ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ቀለም አለ፤ መጽሐፉ እንዳይከደንበት ጠርዙን ጫን አድርጎ ይዞታል። እዚያ ላይ ማንበቤን ትቼ ጣቱን ሳይ ቆየሁ። ገጽ በገጽ እየገለጠ ያን ሁሉ ያነሳው ለማን ብሎ ነው? ስሙን የትም አልጻፈም።

ስም ካነሳሁ አይቀር፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዛሁትን ያን ሽፋኑ የተላጠ መጽሐፌን አስታወሰኝ። የመጀመሪያው ገጹ ላይ ሦስት ስም አለ። አንዱ በጥቁር ቀለም፣ ከነፊርማው፣ 1974 ዓ.ም.። ከሥሩ ሌላ ሰው፣ «ከወንድሜ የተሰጠኝ» ይላል። ሦስተኛው ተሰርዟል፣ ግን ገጹን ወደ መብራት ከፍ ሲያደርጉት ይነበባል። ለምን ተሰረዘ? ተጣልተው ነው? ሸጦት ነው? ከልቦለዱ በላይ እሱን ሳስብ ያመሸሁበት ቀን አለ።

ልማዱ የቆየ ነው። የብራና መጻሕፍት ላይ ያስጻፈው ሰው ስም ይገባል፤ መጽሐፉ እጅ ሲቀይር የድሮው ስም ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ይጻፍበታል። ግዝቱም አለ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀውም የፋቀውም ተወግዟል ማለት ነው። መጽሐፍ ያን ያህል የሚሳሱለት ነገር ነበር።

ይሄን ሁሉ ያየሁት ግን በስክሪን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም እየተነሱ ቅጂያቸው እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይቀመጥ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት የየመጽሐፉን ዝርዝር ሲያዘጋጁ የኖሩት እዚያ ነው። ዛሬ ብዙውን ቤቴ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አያለሁ፣ የተፋቀው ስም ቦታ ሳይቀር። ስለዚህ የገጽ ፎቶን ንቄ መናገር አልችልም።

እኔን የሚያንገበግበኝ በገንዘቤ የምገዛው ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ነው። የእንግሊዝኛዎቹን ማለቴ ነው። ስሜን የምጽፍበት ገጽ የለውም። ለጓደኛ አላውሰውም፣ አልሸጠውም፣ ስሞት ማን እንደሚወስደው አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን መጻሕፍት ከገዙት ሰዎች ኪንድል፣ ከመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያቸው ውስጥ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ አጥፍቷቸዋል። ያቀረበው ወገን የማሳተም መብት አልነበረውም ተባለ፣ ገንዘቡም ተመለሰ። ይሁን። ግን እኮ ቤቴ ገብቶ ከመደርደሪያዬ ላይ መጽሐፌን ወስዶ ብሩን ጠረጴዛ ላይ ትቶልኝ ቢሄድ ዝም እለዋለሁ?

«ኦሮማይ»ን አስቡት። በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፣ ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መንግሥት ሰውዬውን ሊያጠፋ የሚችል ጉልበት ነበረው። ሰው እጅ የገባውን መጽሐፍ ግን ከየቤቱ ለቅሞ መጨረስ አልቻለም፤ እየተደበቀ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያኔ ያ መጽሐፍ የነበረው ከአንድ ቦታ በሚታዘዝ መሣሪያ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ቁልፍ ይበቃ ነበር። ይሄን ሳስብ ይዘገንነኛል። ወረቀት አንዴ ከተሸጠ አለቃ የለውም። ኪሎውን የምከራከረውም ለዚህ ነው።

ግን ቆይ። ከኤሌክትሮኒኮቹ ውስጥ እንደ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው፣ ማንም ተነስቶ ሊመልሰው የማይችለው፣ ያ አውራ ጣት ያለበት ነው። ከፍዬ የገዛሁት ታስሯል፣ ያልከፈልኩበት ነፃ ነው። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ምክንያቱም ደራሲው ከሱ ሳንቲም አላገኘም። እኛ አገር ብዙ ደራሲ የሚያሳትመው ከራሱ ኪስ አውጥቶ፣ ሲብስም ተበድሮ ነው። ወረቀቱ ውድ፣ ማተሚያ ቤቱ ወረፋ፣ አከፋፋዩ ደግሞ ድርሻውን ይፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል። ወረቀት ላይ። ያ ደራሲ ግን ስንት ዓመት የጻፈው በአንድ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ተነስቶ አለቀ።

ያ ሁለት ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ደራሲ እስከማውቀው በሕይወት አለ። ከመታሰቢያው በፊት ባለው ገጽ ላይ፣ የኛ ደራሲዎች እንደሚያደርጉት፣ ስሙን፣ ፖስታ ሣጥኑንና የሞባይል ቁጥሩን ጽፏል። ፎቶው ደብዛዛ ነው፣ ቁጥሩ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ለአከፋፋይ ይሁን ለአንባቢ ብሎ እንዳስቀመጠው አላውቅም። ከእራት በኋላ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። የጀርባው ሽፋን ላይ ያለው ዋጋ 45 ብር ነው። የትኛውን ዋጋ ነው የምልክለት? የያኔውን ወይስ የዛሬውን? ደውዬስ ማን ነኝ ልበለው? «አንባቢዎ ነኝ፣ መጽሐፍዎን ግን አልገዛሁትም» ይባላል? ገጽ 145 እና 146 ላይ ምን እንደነበረስ ብጠይቀው ይቀየመኛል? እዚያ አሁን ሊነጋ ነው። ቁጥሩ ዛሬም የሱ ይሆን?